አመድ የጠጣ ጠጉር

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ብርድ። የበርሜሉ ውሃ ጠጥሮ በመጥረቢያ ጀርባ ሰበርኩት። ኒካኖር ከቁርስ በፊት የታችኛውን መስክ አይቶ ተመለሰ። እናት በጎቹ ደህና ናቸው፤ ሆዳቸው ወርዷል። በመስከረም መጨረሻ መውለድ ይጀምራሉ። ካቻምና ፑማው ግልገሎቹን በልቶ፣ አምና ድርቁ ጨረሰን። ዘንድሮ ግልገሎቹ በእግራቸው ካልቆሙ ይህን ቦታ ይዤ መኖር አልችልም። ኒካኖርም ያውቃል። አንነጋገርበትም።

አንዲት አሮጊት በግ እግሯን ሰብራለች። ለእሑድ እረዳት አልኩት። "እርስዎ ቤት ወጣት ነገር አይበላም" አለኝ። ይህን ያህል ዘመን አብሮኝ ሠርቶ አሁንም የሚቀልደው ባርኔጣውን አውልቆ ነው።

ቀትር ላይ በሬዲዮ ለገጠር ሰው መልእክት ሲነበብ የእኔም ነበረበት። የእህቴ ልጅ ሚርታ ናት፣ ከከተማ። "ለአክስቴ ለኤቴልቪና ኦያርሶ፦ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ክፍሉን ቀለም አስቀብቼዋለሁ።" እስከ ሐይቁ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ስለ ጉልበቴ ሰማ። አንባቢው ደግሞ ነጥብ ላይ አያቆምም፤ የእኔን ጉልበትና የሌላ ሰው የጠፋ ፈረስ በአንድ ትንፋሽ አነበባቸው። እኔን ያስተማሩኝ መነኮሳይያት ቢሰሙት ኖሮ አንበርክከው እንደገና ያስነብቡት ነበር።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

እንደፈራሁት። ፕላሲዶ ጉልበቴን ሊጠይቅ ግማሽ ቀን ጋልቦ መጣ። በዚህ ሁሉ ሜዳ ጎረቤት የምለው እሱን ብቻ ነው። የማቴ ሻይ በቅል አፍልቼ እየተቀባበልን ጠጣን። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ በየክረምቱ የሚለውን አለ፦ አግቢኝና አንዱን ምድጃ እናጥፋ፣ እንጨት ይተርፈናል። የእርስዎን ውሾች ማን ሊያበላ ነው? አልኩት። ሳቀ። እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። በመሃላችን ያለው አጥር ይሄ ነው፤ ባለበት ይቆይ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

በቀትር ጨለመ። በምዕራብ በኩል ግድግዳ የመሰለ ነገር ሲነሣ ማዕበል መስሎኝ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰበሰብኩ። ነጎድጓዱ ግን አያባራም። የክብሪት ሽታ... ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። በረዶ አይደለም፤ እጅ ላይ አይቀልጥም። ጥርሴ መሃል ገብቶ ተንቀጫቀጨ።

ኒካኖር ፈረሱን እየጎተተ ደረሰ። የሁለቱም ዓይን ያነባል። ከድንበር ማዶ ያለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፣ የሚወርደው አመድ ነው ይላል ሬዲዮው። በር ዝጉ፣ ውሃ ክደኑ፣ ተረጋጉ።

በጎቹንስ በምን እንክደናቸው?

ነሐሴ 14

ዛሬም አልነጋም። በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ወተፍኩ። ሬዲዮው ይንጫጫል እንጂ አይናገርም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ብርሃን መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር። ሁሉም አንድ ቀለም ነው፣ የሙት ፊት ቀለም። ሜዳው ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በቤቱ ግድግዳ ሥር እስከ ጉልበት። የሣሩ ጉቶ ጫፉ እንኳን አይታይም። ምንጩ ጭቃ ይተፋል።

መስክ ወረድን። በጎቹን መጀመሪያ አላየኋቸውም። ድንጋይ መስለውኝ ነበር፤ አንዱ ድንጋይ ዓይኑን ገለጠ። እጄን ጠጉሯ ውስጥ ሰደድኩ... ሱፍ አይደለም የነካሁት፣ የዱቄት ጆንያ ነው። ጠጉሩ አመዱን ጠጥቶታል። አንዲቷን ለማንሣት ሁለታችንም አስፈለግን። ቆመች፣ ጥቂት ተራመደች፣ ተኛች።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ካፊያ። በሌላ ዓመት ቢሆን እግዜርን አመሰግነው ነበር። አመዱ ሲረጥብ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። የተኙት ከመሬቱ ጋር ተጣበቁ። ስናነሣቸው ዋልን። ከፊት ያነሣነው ከኋላ ይወድቃል። ኒካኖር ማታ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ እንሸልታቸው አለኝ።

በበጋ፣ በታኅሣሥ ነው የምንሸልተው አልኩት። አባቴ በታኅሣሥ ነበር የሚሸልት። አንድ ሳምንት እንኳን ማንም ያላዛነፈውን ነገር... በክረምት የበግ ልብስ የሚገፍ ሰው አብዷል።

"ልብሱ እየገደላቸው እኮ ነው ዶኛ" አለ። "አየሩ ደግሞ ለስለስ ብሏል። አመዱ ብርዱን ያዘው መሰለኝ።"

አይሆንም አልኩ። ደግሜም አልኩ።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ፕላሲዶ በመኪና መጣ። ውሾቹ ከኋላ፣ ፍራሹ በውሾቹ ላይ፣ ወንበሩ በፍራሹ ላይ። በጎቹን እንዳሉ ትቶ ወደ ከተማ እየሄደ ነው። ከመኪናው አልወረደም። ቦታ አለ ግቢ አለኝ።  ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ "ኤቴልቪና፣ መሬቱ ሞቷል። ለሬሳ ዘብ ትቆሚያለሽ?" አለ።

እናት በጎቼ በሕይወት አሉ አልኩት። ያልኩት በቁጣ ነው። እርሱም ያውቃል፣ ስለዚህ አልተቀየመም። ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት... አቧራውና ሰማዩ አንድ ስለሆኑ መቼ እንደጠፋ አላውቅም።

ነሐሴ 23

የላይኛው መስክ። የቆመ የለም ማለት ይቻላል። ቁራው ብቻ ነው ጤነኛ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

እንሸልታለን። ጠዋት ለኒካኖር ነገርኩት። በታችኛው መስክ ያሉትን፣ ያረገዙትን ብቻ።

እሱ ግን አሁን ሐሳቡ ተለውጧል። ትከሻውን ያመዋል፤ ትከሻውን ሲያመው የደቡብ ነፋስ ይመጣል። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ነበር እንጂ አለ። ከዚያ በተናገረው ተጸጸተ። ስለዚህ ምን ይሁን? እንጠብቅ? እነሱ ምን እየጠበቁ? ትከሻህን ተወው፣ መቀሶቹን አውጣ አልኩት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ጉረኖው ውስጥ ከንጋት እስከ ምሽት። ኒካኖር ይሸልታል፣ እኔ መቀስ እስላለሁ። አመዱ ስለቱን ይበላዋል፤ ግማሽ በግ ሳይሸልት ይደነዝዛል። ሞረዱ ራሱ አለቀ፤ የምድጃ ድንጋይ ነቅለን በሱ ቀጠልን። ቆዳቸው ድረስ አትሂድ፣ ሁለት ጣት ተውላቸው አልኩት። በተወላቸው ጠጉር መሃል አመዱ እንደ ዱቄት ይቦናል። ያወለቅነውን ጠጉር ለማንሣት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ይህን ተሸክማ ነበር የቆመችው?

የተሸለተች በግ ግን... ቆመች። ራሷን አራገፈች። ሮጠች እንኳን። ኒካኖር አየኝ፣ እኔም አየሁት። በዚህ ቤት ተስፋ ስሙ አይጠራም።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ብርዱ እየተመለሰ ነው። ጆንያ! ለምን አልታሰበኝም? ሱፍ የምናጓጉዝበት ጆንያ በጎተራው ሞልቷል። ለአራት እግር አራት ቀዳዳ፣ ከሆድ ሥር ማሰሪያ። ሁለታችንም እንሰፋለን።

የኒካኖር ስፌት አጥር የሚጠግን ሰው ስፌት ነው። የእኔ ድርብ ነው፤ በልጅነቴ የመነኮሳይያቱ ትምህርት ቤት እማሆይ ፔትሮኒላ ያልጠበቀ ክር ካየች ከጫፍ እስከ ጫፍ ታስፈታን ነበር። እጄ ሌላ አያውቅም። ኒካኖር አየኝና "በጎቹ ስፌቱን አያዩትም፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ" አለ።

እኔ አየዋለሁ አልኩት።

የመጀመሪያዋን አለበስናት። ግራ ተጋብታ ዞረች። "ለቅዳሴ ደርሳለች" አለ። ሳቅኩ። በዚህ ወር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሳቅኩት።

ነሐሴ 30

ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ከግማሽ በታች ነው ያለበስነው። ነገ እንቀጥላለን።

ነሐሴ 31፣ ቅዳሜ

ነገ አልነበረም። ነፋሱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ደቡብ ዞረ። ከዚያ በረዶ፣ አግድም የሚሄድ። ኒካኖር ልውጣ አለ፤ በሩን ይዤ ከለከልኩት። ከጎተራው ማዶ ያለ ነገር አይታይም። ጆንያ እሰፋለሁ። ለማን? አላውቅም፣ እሰፋለሁ።

መስከረም 2፣ ሰኞ

ቆመ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ስድብ።

ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ በሰሜኑ አጥር ጥግ አከማችቷቸዋል። ብርድ ሲገባቸው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ የላዮቹ በብርድ፣ የሥሮቹ በመታፈን ይሞታሉ። በመካከል ላይ ጥቂት ጆንያ ታየኝ። ኒካኖር ያን እየፈለገ ሬሳውን በሬሳ ላይ አገላበጠ። ጆንያ የለበሱት ብዙዎቹ አሉ። በሕይወት። ከለበሱት አንድም ስፌት አልተፈታም፣ የኒካኖርም ቢሆን።

አንድም አልተፈታም። በረጅም በረጅሙ፣ እንደ ኒካኖር፣ ጎተት ጎተት አድርጌ ሰፍቼው ቢሆን ስንት ጆንያ ይጨመር ነበር? ይህን ጥያቄ አንዴ ከጻፍኩት ደግሜ አልጽፈውም።

በላይኛው መስክ ያልሸለትናቸውስ? አንድም የለም። አመዱ ከነበረዶው ጠጥሮባቸው እንደተኙ ቀሩ።

ማታ ኒካኖርን የሆድህን ተናገር አልኩት። አስቀድሞ እንሸልት ያለው እሱ፣ ቆይ ያለውም እሱ ነው። በሁለቱም ቀን አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቱን ቆሰቆሰና "ምን ልበልዎት ዶኛ? በየት በኩል ቢኬድ መንገዱ እዚያው ጥግ ነው የሚያደርሰው" አለ። እውነት ይሁን ርኅራኄ አላውቅም። ርኅራኄ ከሆነ ባያቀምሰኝ ይሻል ነበር።

መስከረም 9

ሬዲዮው ተመለሰ። የሚርታ መልእክት፦ ክፍሉ፣ ክፍሉ፣ ክፍሉ። የፕላሲዶም ነበር። "ለዶኛ ኤቴልቪና፦ ውሾቹ በልተዋል። ከተማ እንጨት አይነድበትም፣ በጋዝ ነው። ፕላሲዶ።" ዶኛ ብሎኛል፣ እመቤት። በሰው ፊት ስለሆነ መሆን አለበት።

መስከረም 24፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ግልገል። መንታ ነበር፣ አንዱ ሞቶ ወጣ። ሁለተኛው ቆመ፣ ጡቷን አገኘ፣ ሳበ... ምንም የለም። እናቲቱ ዞር ብላ አየችውና ሄደች። ሣሩን ከአመድ ሥር በአካፋ እየቆፈርን እናወጣላቸዋለን። ይበላሉ። ቀኑን ሙሉ ይበላሉ። ታዲያ ለምን ይከሳሉ?

መስከረም 28

ዛሬም ሦስት ወለዱ። ለአንዱም ወተት የለም። ኒካኖር የዱቄት ወተት በጠርሙስ እያጠጣ ግልገል በደረቱ ይዞ ይተኛል። ጠዋት የሞተውን ሊቀብር ይወጣል፣ አካፋውን ይዞ።

ጥቅምት 2፣ ረቡዕ

ለምን እንደሚከሱ አወቅሁ።

አንዷን ይዤ አፏን ከፈትኩ። የበግ ዕድሜ በጥርስ ነው የሚነገረው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ማንም ሳይነግረኝ አነብባለሁ። አራት ትልልቅ ጥርስ ሊኖራት የሚገባ፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት ናት። ድዷ ላይ ጉቶ ቀርቷል። የአሮጊት አፍ። ሌላዋን ያዝኩ። ሌላዋንም። አመዱ የተሰባበረ መስታወት ነው፤ ከሣሩ ጋር ሲያኝኩት ከረመና ጥርሳቸውን ሞረደው። መቀሱን እንደበላው።

ሁሉንም አየሁ። ኒካኖር አንድ በአንድ እየያዘልኝ። አንድ እንኳን ይገኛል ብዬ ነበር... በመጨረሻዋ ላይ አፏን ሳልከፍት ለቀቅኳት። "እሷንም አይተው ይጨርሱ" አለ። አየሁ። እንደ ሌሎቹ ነች።

ጥርስ የሌለው በግ በዚህ መሬት አይኖርም። ጆንያ የሚሰፋለት ነገር አይደለም።

ጥቅምት 4፣ ዓርብ

ዛሬ አረድናቸው። ኒካኖር እርስዎ ቤት ይግቡ አለኝ። አልገባሁም። ራሳቸውን ያዝኩ፣ እሱ ቢላውን። ጆንያቸውን አስቀድሜ አወለቅሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አጥፌም አስቀመጥኩት። ሥጋ የሚባል አልነበረባቸውም። ለውሻ እንኳን።

በጠርሙስ የሚያሳድገው ግልገል ብቻ ቀረ። ኒካኖር ይዞት ወደ ጎተራው ጀርባ ሄደ። ባዶ እጁን ተመለሰ። 

ጥቅምት 5

ቤቱን ጠረግሁ። ምን ልሠራ?

ጥቅምት 9፣ ረቡዕ

ወደ ከተማ የሚወስደኝ የማዘጋጃው መኪና ደረሰ። ሾፌሩ እቃ ብዙ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁለት ሻንጣ አልኩት። ያለዎት ይሄው ነው ወይ ብሎ ሲያየኝ ቀረ። ኒካኖር ፈረሶቹን ወደ ሐይቁ ዳር ወስዶ ይከተለናል፤ በዚያ ትንሽ ሣር አለ ይላሉ። ሲሰናበተኝ ባርኔጣውን አላወለቀም። አውልቆ ነበር፣ ነፋሱ አመዱን ዓይኑ ውስጥ ሲጥልበት መልሶ አደረገው። ሁለታችንም አመዱ ነው አልን።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ሚርታ ቤት። ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነው፤ መስኮቱ የጎረቤትን ግንብ ያሳያል። ከመጣሁ ወዲህ ምንም አልጻፍኩም። ምን እጽፋለሁ? ጠዋት፣ ምሳ፣ ማታ። ፕላሲዶ በየእሑዱ ይመጣል። ስለ ማግባት አንሥቶ አያውቅም። ውሾቹን ለሰው ሰጥቷል። አጠገቤ ተቀምጦ የአገራችንን ይሁን የሌላ አገር ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያል። እኔም አያለሁ። ዛሬ ስሰናበተው አንተ አልኩት። አላስተዋለም።

ከሱ በፊት ኒካኖር መጥቶ ነበር። አሁን በመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ፈረሶቹን ለማየት በየወሩ ወደዚያ ይወጣል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ። በበጋው ዝናብ ጥሏል። አመዱ ወደ መሬቱ ገብቷል። ከምንጩ በታች ያለው መስክ ሣሩ የፈረሱን ሆድ ይነካል፣ እንዲህ ያለ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። አባቴም አላየ፤ ቢያይ ይነግረኝ ነበር።

ማን ይበላዋል? አልኩት።

"ጥንቸል" አለኝ።

 ከዚያ ወደ መሬት እያየ፣ ጥቂት በግ ፈልጎ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ከጥቂት በግ እንደገና መንጋ እስኪሆን ስንት ክረምት እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን። በጣት አልቆጠርኩለትም። አንተ ውሰደው አልኩት፣ መስኩን። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እሱም ሽማግሌ ነው፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

በጋዜጣ ጠቅልሎ ከዚያ ሣር ጭብጥ ያህል አምጥቶልኛል። ከሄደ በኋላ አሸተትኩት። ጫፉን ነከስኩ... ለስላሳ ነው። እናት በግ በዚያ ሣር ላይ ብትወልድ ወተቷ ይፈስ ነበር።

ሚርታ ከሥራ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው። እንዴት ያምራል አለች። በብርጭቆ ውሃ አድርጋ መስኮቱ ላይ አቆመችው፣ እንደ አበባ።

አላረምኳትም።